ቤዝ ጊታርን በቤት ውስጥ መሥራት፦ በናይሮቢ ፈተናው የሚጀምረው ከእንጨቱ ነው

የኬንያው ቤንጋ ሙዚቃ ሲሰማ ቀድሞ ጆሮ ከሚይዙት ድምፆች አንዱ ፈጣኑ ቤዝ ጊታር ነው። ቤንጋ በምዕራብ ኬንያ በሉኦ ማኅበረሰብ ዘንድ ሲያብብ፣ ጊታር ተጫዋቾቹ አርአያ ያደረጉት ንያቲቲ የተባለውን ባለ ስምንት ክር ባህላዊ መሣሪያ ነበር። ንያቲቲ ለኢትዮጵያዊ ዓይን እንግዳ አይደለም፤ የክራር እና የበገና ዘመድ ነው። ተጫዋቹ ክሮቹን በጣቶቹ እየነካ፣ በእግሩ ጣት ባጠለቀው የብረት ቀለበት ምቱን ይጠብቃል። ቤንጋን ከኬንያ ድንበር ካሻገሩት አንዱ፣ በ2006 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሕይወታቸው ያለፈው የሺራቲ ጃዝ መሪ ዳንኤል ኦዊኖ ሚሲያኒ ናቸው።

ይህን ከባድ ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ በትርፍ ጊዜው እንጨት የሚሠራ ሰው በቤቱ ሊሠራው ይችላልን? ይችላል። ለዚህም ምክንያቱ የመሣሪያው አወቃቀር ነው። የሬዲዮ ጥገና ባለሙያ የነበረው አሜሪካዊው ሊዮ ፌንደር በ1951 ለገበያ ያቀረበው ፕሪሲዥን ቤዝ እንደ ቫዮሊን የታጠፈ ጎን፣ እንደ ክራር የተወጠረ ቆዳ የለውም። አካሉ አራት ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ድፍን ጣውላ ነው፤ አንገቱም በአራት ብሎን ይታሠራል። ጠረጴዛ መሥራት የቻለ ሰው አካሉን ይሠራዋል። የሚከብደው አንገቱ ነው።

የትኛው እንጨት?

የኬንያ መንግሥት በየካቲት 2018 በመንግሥት እና በማኅበረሰብ ደኖች ውስጥ እንጨት መቁረጥን አግዶ ነበር። ፕሬዝዳንት ዊሊያም ሩቶ እገዳው እንደሚነሳ ያስታወቁት ከአምስት ዓመታት በኋላ፣ በሐምሌ 2023 ሲሆን ጉዳዩ ወዲያው ፍርድ ቤት ደርሷል። ገበሬዎች በቡና እና በሻይ ማሳቸው ዳር የሚተክሉት ግራቪሊያ ግን ከእነዚህ ደኖች ውጭ የሚበቅል በመሆኑ ለአናጺው ቅርብ ነው። ለአካሉ ይበቃል። ለአንገቱ እንደ ማሆጋኒ ወይም ምቩሌ ያለ ጠንካራ እንጨት ይመረጣል። የምቩሌ ብናኝ ቆዳን እና መተንፈሻ አካላትን ስለሚያስቆጣ አፍና አፍንጫን ሳይሸፍኑ መላግ አይገባም።

ከዝርያው ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ርጥበቱ ነው። በአየር የሚደርቅ ጣውላ ለእያንዳንዱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት አንድ ዓመት ያህል እንደሚፈልግ አናጺዎች ይገምታሉ። መሣሪያ የሌለው ሰው በሚዛን ሊያውቀው ይችላል፦ ጣውላውን በየሳምንቱ መመዘን፣ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም መታገሥ። ይህ ትዕግሥት የሚበዛበት ሰው ከአሮጌ አልጋ ወይም በር የተነቀለ እንጨት ቢፈልግ ይሻለዋል፤ እርሱ ለዓመታት ደርቋል።

ሰባ ኪሎ የተንጠለጠለበት አንገት

አራቱ የብረት ክሮች ሲወጠሩ አንገቱን በጠቅላላው ከ70 እስከ 80 ኪሎ ግራም በሚደርስ ኃይል ይስባሉ፤ አንድ ጎልማሳ ሌት ተቀን እንደተንጠለጠለበት ማለት ነው። ያልደረቀ እንጨት ይጎብጣል፤ ክሮቹም ከጣት ርቀው መሣሪያው የማይጫወት ይሆናል። ስለዚህ በአንገቱ ውስጥ በብሎን የሚስተካከል የብረት ዘንግ ይቀበራል። እንጨቱንም ከአንድ ወጥ ጣውላ ከመጥረብ ይልቅ ሦስት ቁራጮችን የእንጨቱ መስመር እንዲቃረን አድርጎ በኮላ ማጣበቅ ጥንካሬ ይጨምራል።

ቀጥሎ የሚመጣው ስሌት ነው። የተለመደው የክር ርዝመት 864 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ለ17.817 ሲካፈል የመጀመሪያው ፍሬት ቦታ፣ 48.5 ሚሊ ሜትር ይገኛል፤ የተረፈው ርዝመት በዚያው ቁጥር እየተካፈለ ይቀጥላል፤ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት በትክክል መሐል ላይ ያርፋል። ጀማሪዎች የሚስቱት በስሌቱ ሳይሆን በልኬቱ ነው። እያንዳንዱን ፍሬት ካለፈው ፍሬት ተነስቶ የሚለካ ሰው በየጊዜው ግማሽ ሚሊ ሜትር በአንድ አቅጣጫ ቢሳሳት፣ ሃያኛው ላይ ሲደርስ አንድ ሴንቲ ሜትር ስቷል፤ ይህም ከግማሽ ድምፅ እኩሌታ በላይ ነው። ሁሉም ከአንድ ጫፍ መለካት አለባቸው።

ፒክአፑ፣ ማለትም የክሩን ርግብግብታ ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል፣ ማግኔት እና በሺዎች ዙር የተጠመጠመ፣ ውፍረቱ ከሰው ፀጉር የማይበልጥ የመዳብ ሽቦ ነው። በእጅ መጠምጠም ይቻላል፤ ነገር ግን ሽቦው ደጋግሞ ይበጠሳል፤ ለመጀመሪያ ሥራ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን መግዛት ብልህነት ነው። የናይለን ክር ግን አይሠራም፤ ማግኔቱ የሚያውቀው ብረትን ብቻ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ክራርን ትልቅ አድርገው በኤሌክትሪክ ቤዝ ክራር ያደረጉት ሙዚቀኞችም የተመኙት ይህንኑ ወፍራም ድምፅ ነበር።

ክሮቹ ከተወጠሩ በኋላ አንገቱ ለቀናት መንቀሳቀሱን ይቀጥላል። በናይሮቢ ረጅሙ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሲወርድ እንጨቱ ርጥበት ይስባል፤ ያን ጊዜ የብረት ዘንጉን በሩብ ዙር ማጥበቅ ወይም ማላላት ያስፈልግ ይሆናል።