ያውቁ ኖሯል? ጥርስ ገና ሳይበቅል ሊበልዝ ይችላል

ቴትራሳይክሊን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከካልሲየም ጋር አጥብቆ ይጣመራል። እናት ከእርግዝናዋ አጋማሽ በኋላ፣ ወይም ልጅ 8 ዓመት ሳይሞላው ከዋጠው፣ ድድ ውስጥ በመሠራት ላይ ባለው ጥርስ ውስጥ ይቀራል። ጥርሱ ሲበቅል ቢጫ ነው፤ ብርሃን እያገኘው ሲሄድ ግን ወደ ቡናማ ወይም ወደ ግራጫ ይለወጣል። የፊት ጥርሶች ይበልጥ የሚጠቁሩትም ለዚህ ነው። የመድኃኒቱ ቤተሰብ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ነበር፤ ብዙ ልጆች ጉዳቱ በደንብ ሳይታወቅ ወስደውታል። ጥፋቱ የእነሱም የእናቶቻቸውም አይደለም።

ቀለሙ ጥርሱ ውስጥ ስላለ በመፋቂያም በጥርስ ሳሙናም አይለቅም። በከሰል ወይም በሎሚ መፈተግማ የጥርሱን ሽፋን ይጎዳል እንጂ አያነጣውም። የጥርስ ሐኪም በጥርስዎ ልክ በሚያሠራው ማቀፊያ ማንጫ ጄል ማታ ማታ ማድረግ ይረዳል፤ ተራ ብልዝ በሳምንታት ሲነጣ ይኼኛው ግን ወራት ይፈልጋል። ቢጫው በቀላሉ ይሸነፋል፤ ድድ አጠገብ ያለው ጥቁር ግራጫ መስመር ግን አስቸጋሪ ነው። እምቢ ካለ ቬኒየር የሚባለው ስስ ልባስ ይለጠፍበታል።

በስምጥ ሸለቆ ያደጉ ከሆነ ደግሞ የብልዙ ምክንያት የውኃው ፍሎራይድ ሊሆን ስለሚችል አስቀድመው ይመርመሩ።

መድኃኒት ቤት ሲሄዱ የልጅዎን ዕድሜ፣ ነፍሰ ጡር ከሆኑም እርግዝናዎን፣ ሳይጠየቁ ይናገሩ።