ሚኒባሱ ሳይሞላ ለምን አይነሳም? ሜክሲኮዎች ያገኙት መላ

ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ «ኢትዮጵያ» የሚባል የአውቶቡስ ጣቢያ አለ። አዎ፣ በኛው ስም! ሜክሲኮ ኢጣሊያ ኢትዮጵያን መያዟን በይፋ ካልተቀበሉ ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች። አዲስ አበባ ላይ ሜክሲኮ አደባባይ አለን፣ እነሱም የኢትዮጵያ አደባባይ አላቸው። እዚያ የሚቆመው አውቶቡስ ሜትሮቡስ ይባላል፤ የዛሬው ጉዳያችን እሱ ነው።

ሜትሮቡስ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005፣ ኢንሱርኸንቴስ በተባለ ረጅም ጎዳና ላይ ነው። ሌላ መኪና የማይገባበት የራሱ መስመር አለው። ሒሳብ የሚከፈለው ጣቢያው መግቢያ ላይ በካርድ ስለሆነ ረዳት የለም፣ የመልስ ጭቅጭቅም የለም። እንዲህ ዓይነቱን አሠራር ቢአርቲ ይሉታል። ዳሬሰላም በ2016 ጀምራዋለች። አዲስ አበባም ከዊንጌት እስከ ጀሞ ልትዘረጋ ካቀደች ዓመታት አልፈዋል።

ለኛ የሚጠቅመው ነገር ግን መንገዱ ሳይሆን ሒሳቡ ነው።

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ረዳቱ «ሁለት ሰው ብቻ!» እያለ ሲጣራ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ የጠበቃችሁት ጊዜ ግን ከጉዞው ጋር የሚፎካከርበት ቀን አለ። ሹፌሩ ክፉ ሆኖ አይደለም እኮ። የሚያገኘው በጫነው ሰው ልክ ነው፤ ለባለቤቱ የሚያስገባው የቀን ገቢ አለበት፣ ነዳጅ አለበት። ባዶ ወንበር ማለት ከኪሱ የወጣ ብር ነው። ስለዚህ ይጠብቃል፣ መንገድ ላይ ትርፍ ይጭናል፣ የጠፋውን ጊዜ ደግሞ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ለማካካስ ይሞክራል።

ኢንሱርኸንቴስም እንደዚሁ ነበር። ትንንሽ አውቶቡሶች ተሳፋሪ ለመቅደም ይሽቀዳደሙ ነበር። ከተማው ባለንብረቶቹን ዝም ብሎ አላባረረም፤ ተደራጅተው ኩባንያ አቋቋሙና የአዲሱ መስመር አሠሪ ሆኑ። ክፍያቸውም በሰው ቁጥር መሆኑ ቀርቶ በተነዳው ኪሎ ሜትር ሆነ። በቃ! ሞላም አልሞላም፣ ሰዓቱ ሲደርስ አውቶቡሱ ይነሳል።

ሐረጎ ላይ የአውቶቡስ ብቻ መስመር ይሠራ ማለት ቀልድ ነው፤ ተራራው ራሱ አይፈቅድም። ትኬት መናኸሪያ ላይ ተቆርጦ፣ ገንዘቡ አንድ ቋት ገብቶ፣ መኪናው በምልልስ ቢከፈለው ግን አስፋልት መቁረጥ አይጠይቅም።

ከባዱ ሌላ ነው። ከሰዓት በኋላ ባዶ የሚሄደውን ወንበር ማን ይከፍላል? ወይ ታሪፉ ትንሽ ይጨምራል፣ ወይ ከተሞቹ ይደጉማሉ። ቋቱንስ ማን ይይዛል? ሜክሲኮ ላይ የሚቆጣጠረው የከተማው መንግሥት ነው። እዚህ ባለንብረቱ የዛሬ ገቢውን ለሌላ ሰው አስረክቦ «ነገ ይከፈለኛል» ብሎ እንዲተኛ ማድረግ አለባችሁ።

ደሴና ኮምቦልቻ የምትመላለሱ፣ መኪናው በሰዓቱ የሚነሳ ቢሆን ስንት ብር ጨምራችሁ ትከፍላላችሁ? ሹፌሮችና ባለንብረቶችም ካላችሁ፣ የናንተን ሒሳብ ጻፉልን።