የተማሪዎች ጋዜጣ አመራርና የአማካሪ መምህሩ ድርሻ

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚዘጋጅ ጋዜጣ ከሌሎች ጋዜጦች የሚለይበት አንድ ዋና ነገር አለ፤ ይኸውም ሠራተኞቹ በየጊዜው የሚለዋወጡ መሆናቸው ነው። ዋና አዘጋጅ የሆነው ተማሪ ሥራውን በሚገባ ባወቀበት ጊዜ ትምህርቱን ጨርሶ ይሄዳል፤ በቦታውም ገና የሚማር ሌላ ይተካል። በዚህ ምክንያት ጋዜጣውን ከዓመት ወደ ዓመት የሚያሻግረው አማካሪ መምህሩ ነው ተብሎ ይታሰባል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አሳብ በከፊል ብቻ ትክክል መሆኑን ማስረዳት ነው። መምህሩም ቢሆን የሚሄድበት ቀን አለ። ስለዚህ የአማካሪው ዋና ሥራ ጽሑፉን ራሱ ማረም ሳይሆን፣ እርሱ በሌለበት ጊዜ እንኳ ተማሪዎቹ አጣርተው የሚጽፉበትን ልማድ መትከል ነው።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆን አንድ የታወቀ ጉዳይ በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት በሄዝልዉድ ኢስት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደርሷል። የትምህርት ቤቱ ጋዜጣ «ስፔክትረም» ይባል ነበር። የሚያዘጋጁትም የጋዜጠኝነት ትምህርት የሚከታተሉ ተማሪዎች ነበሩ። ጋዜጣው በየሦስት ሳምንቱ ገደማ እየወጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1982-83 የትምህርት ዓመት ከ4,500 በላይ ቅጂዎች ተሠራጭተዋል። እያንዳንዱ እትም ከመታተሙ በፊት ገጾቹ ለዲሬክተሩ እንዲታዩ የማድረግ ልማድም ነበር።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 29 ቀን 1983 የጋዜጠኝነቱ መምህር ሌላ ሥራ አግኝተው ትምህርት ቤቱን ለቀቁ። በዚያን ጊዜ የሜይ 13 እትም ወደ መጠናቀቁ ተቃርቦ ነበር። ተተኪው መምህር ሜይ 10 ቀን ገጾቹን ለዲሬክተሩ ባቀረቡ ጊዜ ሁለት ጽሑፎች ተቃውሞ ገጠማቸው። አንደኛው ስለ ሦስት ተማሪዎች እርግዝና፣ ሁለተኛው የወላጆች ፍቺ በልጆች ላይ ስለሚያደርሰው ችግር የሚናገሩ ነበሩ። የዲሬክተሩ ምክንያት የሚከተለው ነበር፤ ያረገዙት ተማሪዎች ስማቸው ቢለወጥም ማንነታቸው ይታወቃል፤ ጽሑፉ ለታናናሾቹ ተማሪዎች የሚገባ አይደለም፤ በፍቺው ጽሑፍ ውስጥ አንዲት ተማሪ አባቷን ስትወቅስ ወላጆቿ መልስ እንዲሰጡ አልተጠየቁም። ዲሬክተሩ የትምህርት ዓመቱ ሳያልቅ ለማረም ጊዜ የለም ብለው ስላመኑ ጽሑፎቹ ያሉባቸው ሁለት ገጾች እንዲቀሩ አዘዙ። ስድስት ገጽ የነበረው ጋዜጣ በአራት ገጽ ወጣ፤ በእነዚያው ገጾች ላይ የነበሩ ሌሎች ጽሑፎችም አብረው ቀሩ።

ሦስት ተማሪዎች ክስ አቀረቡ። ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 13 ቀን 1988 በ5 ድምፅ ለ3 ለትምህርት ቤቱ ተፈረደ። ይኸው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1969 የቪየትናምን ጦርነት በመቃወም ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ ላሰሩ ተማሪዎች ፈርዶላቸው ነበር። በሄዝልዉድ ጉዳይ ግን ትምህርት ቤቱ ራሱ በሚያወጣው ጋዜጣ ላይ፣ ምክንያቱ ከትምህርት ዓላማ ጋር የተያያዘ እስከሆነ ድረስ፣ የመቈጣጠር ሥልጣን አለው ሲል ወሰነ። በሐሳብ የተለዩት ዳኞች ደግሞ ገጾቹን በሙሉ ከማስቀረት ይልቅ ቀለል ያለ መፍትሔ ይቻል እንደ ነበረ ተናገሩ።

ስለ ፍርዱ ትክክለኛነት ብዙ ክርክር ተደርጓል። ለአማካሪ መምህር ግን ከፍርዱ ይልቅ ከፍርዱ በፊት የሆነው የበለጠ ያስተምራል። የዲሬክተሩ ተቃውሞዎች አብዛኞቹ ማንኛውም ጥሩ አዘጋጅ ራሱ ሊያነሣቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ናቸው። ጥያቄዎቹ ከአዘጋጆቹ አፍ ቀድመው ቢወጡ ኖሮ ዲሬክተሩ አይከለክሉም ነበር ለማለት አይቻልም፤ ይሁን እንጂ ለመከልከል የቀረበው ምክንያት እጅግ ይሳሳ ነበር። ከዚህም በላይ ተተኪው መምህር አባቷን የወቀሰችውን ተማሪ ስም ከመጨረሻው ረቂቅ አስቀድመው አውጥተውት ነበር፤ ዲሬክተሩ ግን ይህን አላወቁም። ከሜይ 10 እስከ ሜይ 13 ሦስት ቀን ብቻ ነው። በሦስት ቀን ውስጥ የሚቀረው «ይውጣ» ወይም «ይቅር» ማለት ነው፤ ለመነጋገር የሚሆን ጊዜ የለም።

ከዚህ በመነሣት የአማካሪውን ሥራ በአራት ክፍል ማየት ይቻላል።

ሀ) የሥራ ክፍፍል። ርእስ መምረጥ፣ ሥራ ማደልና ማረም የተማሪ አዘጋጆች ድርሻ መሆን አለበት። የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጣው ሕግ ይህንኑ ለተማሪ አዘጋጆች ሰጥቶ፣ አማካሪው የቋንቋውንና የጋዜጠኝነቱን ደረጃ እንዲጠብቅ ወስኗል። የተማሪዎቹን መብት በመጠበቁ ምክንያት መምህሩ ከሥራው እንዳይባረር ወይም እንዳይዛወር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 ሌላ ሕግ ወጥቷል። ይህም አማካሪነት በተማሪውና በአለቃው መካከል የሚያቆም ከባድ ሥራ መሆኑን ያሳያል።

ለ) ረቂቅ ማንበብ። መምህሩ ቀይ ብዕር ይዞ ዓረፍተ ነገሩን ራሱ ቢያቃናው ጽሑፉ ያምራል፤ ተማሪው ግን የተማረው ነገር የለም። ከዚህ የሚሻለው በኅዳጉ ላይ ጥያቄ መጻፍ ነው፤ ይህን ማን ነገረህ? ሌላስ ማን አየ? የተወቀሰው ሰው ምን አለ? ስሙ ባይጻፍም ጎረቤቱ አያውቀውምን? ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ተማሪው ወደ ነገሩ ሥር ተመልሶ ጽሑፉን በራሱ እጅ ያቃናል። ጥያቄዎቹም ሲደጋገሙ አዘጋጁ ራሱ ለባልደረቦቹ ማቅረብ ይጀምራል። ልማድ ተተከለ የሚባለው ያን ጊዜ ነው።

ሐ) ተተኪ ማዘጋጀት። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ከፍ ያለው ተማሪ ለጀማሪው ማስቀጸሉ የቆየ ልማድ ነው። ለጋዜጣም የሚስማማው ይኸው ነው። እያንዳንዱ ኃላፊ ከታችኛው ክፍል አንድ ምክትል ይያዝ፤ በዓመቱ መጨረሻ የሚወጣውን እትም ምክትሎቹ ያዘጋጁት፤ ነባሮቹ አጠገባቸው ይቀመጡ። ከባድ ውሳኔ በተሰጠ ጊዜም ምክንያቱ ጋዜጣው በሚያቆየው መዝገብ ላይ ይጻፍ። ያን ጊዜ አዲሱ መምህርም ሆነ አዲሱ አዘጋጅ ከባዶ አይነሣም።

መ) ከዲሬክተሩ ጋር ያለው ግንኙነት። ስምምነቱ በዓመቱ መጀመሪያ በጽሑፍ መሆን አለበት። ዲሬክተሩ ረቂቁን የሚያዩ ከሆነ ከመታተሙ ስንት ቀን በፊት እንደሚያዩ፣ ተቃውሞ ካላቸው ምክንያቱን ለማን እንደሚነግሩ፣ ከመከልከል በፊት ለማረም ስንት ቀን እንደሚሰጥ ተለይቶ ይታወቅ። አስቸጋሪ ርእስ ሲመረጥም ለዲሬክተሩ በዚያው ሳምንት ማስታወቅ እንደ ፈቃድ ልመና ሊቈጠር አይገባም፤ በመጨረሻው ሰዓት የሚመጣውን ድንጋጤ የሚያስቀር ጥንቃቄ ነው።

መምህሩ የሚያየው ለልጆቹ ደኅንነት ነውና የመጨረሻው ቃል የእርሱ ይሁን የሚሉ አሉ። ተማሪ ሌላውን ተማሪ በጽሑፍ ሊጎዳ መቻሉ እውነት ነው። ነገር ግን አደገኛውን ቃል መምህሩ በስውር ቢሰርዘው አደጋው የሚቀረው ለዚያ እትም ብቻ ነው። ተማሪው የሚጎዳው ማን እንደሆነ አስቦ ራሱ ሲሰርዘው ግን ጥንቃቄው ከእርሱ ጋር ይሄዳል።

በአገራችን ትምህርት ቤቶች ይህ ጉዳይ በይበልጥ የሚነሣው በሚኒ ሚዲያ ክበቦች ነው። በሰልፍና በዕረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያ የሚነበብ ጽሑፍ ከአፍ ከወጣ በኋላ የሚመለስበት መንገድ ስለሌለ፣ ማጣራቱ ከታተመው ይልቅ ይጠብቃል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ መብትን ሲደነግግ የቅድሚያ ምርመራን ከልክሏል፤ ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 13 ሐሳብን የመግለጽን መብት ለልጆች ሰጥቷል። መብቱን መጠቀም ግን ሙያ ይጠይቃል፤ ሙያውም የሚጀመረው በክበቡ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው።

ከመካከላችን ወደ መምህርነት የሚሰማሩ ሁሉ እንዲህ ያለ ክበብ ሊሰጣቸው ይችላል። ሥራቸውን ለመመዘን አንድ እትም ሲዘጋጅ ከስብሰባው ሆን ብለው ይቅሩ። በማግሥቱ መዝገቡን ሲገልጡ «የተወቀሰው ሰው ምን አለ?» የሚለውን ጥያቄ አንድ ተማሪ አንሥቶት ካገኙ፣ ጋዜጣው በራሱ እግር ቆሟል ማለት ነው።