ለቤት ፈትል የሚሻለው እንዝርት ነው ወይስ መዘውር?

ከዕለት ተግባራቸው ተርፈው በምሽት ጥቂት ጥጥ መፍተል የሚወዱ እኅቶች ዛሬም በየከተማው ይገኛሉ። እነዚህ የሚፈትሉት ለኑሮአቸው ሳይሆን፣ እጃቸው ከአያቶቻቸው ሙያ እንዳይለይ፣ ለአባትም ሆነ ለልጅ ጋቢ የሚሆነውን ማግ በገዛ ጣታቸው ለማዘጋጀት ነው። እንዲህ ያለችው እኅት በመጀመሪያ የሚገጥማት ጥያቄ «ምን ልግዛ?» የሚል ነው። ስለዚህ የሐይቅንና የአምባሰልን አገር ምሳሌ አድርገን ስለ መፍተያ መሣሪያ አመራረጥ ጥቂት ለማስረዳት እንወዳለን።

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚሄድ መንገደኛ አስቀድሞ ሐይቅን ያገኛል፤ በዚያም በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞአ ያጸኑት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። ከዚያ አልፎ በ1881 ዓ.ም. ውል ስሟ የታወቀው የአምባሰል ውጫሌ ትገኛለች። በዚህ አገር ደገኛውና ቆለኛው፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ገበያ ይገናኛሉ። ጥጡ ከቆላ ይወጣል፤ የበጉ ጠጕር ከደጋ ይወርዳል። ስለዚህ መሣሪያ የምትመርጥ ሴት ወደ ገበያ ከመውረዷ በፊት የምትፈትለው ጥጥ ይሁን ጠጕር ለይታ መወሰን አለባት። ጥጥ አጭር ነው፤ ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ብዙ መጠምዘዝንና ቀላል እንዝርትን ይፈልጋል። ጠጕር ግን ረዘም ስለሚል ከበድ ያለውን እንዝርት ይችላል።

የእንዝርት ክብር በመጻሕፍትም የታወቀ ነው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 35 ጥበበኞች ሴቶች ለድንኳኑ የሚሆነውን ፈትል በእጃቸው ፈትለው እንዳመጡ ተጽፏል፤ በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 31 የልባም ሴት ጣቶች እንዝርት በመያዛቸው ተመስግነዋል። እመቤታችንም ወርቅና ሐር ስትፈትል መልአኩ ቅዱስ ገብርኤል እንዳበሠራት ቤተ ክርስቲያናችን ታስተምራለች፤ ሠዓሊዎቻችንም ብሥራቱን ሲሥሉ እንዝርት ያስይዟታል።

ወደ ምርጫው እንመለስ። እንዝርት ቀጭን ዘንግና በዘንጉ ላይ የሚሰካ ክብ ነገር ነው፤ ክቡ ከእንጨት ወይም ከቀንድ ይሠራል። ፈታይዋ ዘንጉን በጭኗ ላይ በቀኝ እጅዋ አንከባልላ ታሽከረክራለች፤ በግራ እጅዋ ባዘቶውን ይዛ ክሩን ትስባለች። ገዢዋ ሦስት ነገር ትመርምር። አንደኛ፣ ዘንጉን በጠፍጣፋ ነገር ላይ አንከባልላ መጣመም አለመጣመሙን ትይ። ሁለተኛ፣ በጣቷ አሽከርክራ ትልቀቀው፤ ክቡ መካከሉን ካልጠበቀ እንዝርቱ ይንቀጠቀጣል፣ ክሩንም ይበጥሳል። ሦስተኛ፣ ክሩ የሚያዝበት ጫፍ ሸካራ ከሆነ ጥጡን ስለሚይዝና ስለሚያጎፍር በደንብ የለሰለሰውን ትምረጥ። ያማረና የተጌጠ ሁሉ በደንብ ይዞራል ማለት አይደለም።

መሣሪያው ብቻውንም አይፈትልም። ጥጡ ፍሬው በመዳመጫ ብረት ሊወጣለት፣ ቀጥሎም በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ሊሆን ይገባል። ብዙዎች እንዝርት ገዝተው ጥለው የሚቀመጡት መንደፍን ስለማይችሉ ነው። ስለዚህ ከገንዘቡ ከፊሉን ለደጋን ወይም ተነድፎ ለሚሸጥ ጥሩ ባዘቶ ማስቀረት ከብልኅነት ይቈጠራል።

የመፍተያ መዘውር የሚባለው ደግሞ ትልቅ ተሽከርካሪ በገመድ አማካይነት ትንሹን ዘንግ የሚያዞርበት መሣሪያ ነው። ይህ ከምሥራቅ ተነሥቶ በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ገብቷል። በጀርመን አገር በሽፓየር ከተማ በ1298 እ.ኤ.አ. የወጣው የሸማኔዎች ደንብ የመዘውር ክር ለማግ ብቻ እንዲውል ፈቅዶ ለድር ከልክሎ ነበር፤ ክሩ ጽናት የለውም ተብሎ ይታሰብ ነበርና። በህንድ አገር ደግሞ ማኅተመ ጋንዲ መዘውርን የድኻው መተዳደሪያ ለማድረግ ብዙ ደከሙ፤ በ1929 እ.ኤ.አ. በመንደር ቤት ሊሠራበት ለሚችል የተሻለ መዘውር 100,000 ሩፒ ሽልማት እንዲሰጥ ታውጆ ነበር።

መዘውር ለመግዛት የምታስብ እኅት መጀመሪያ የምትጠይቀው ትልቁ ተሽከርካሪ አንድ ጊዜ ሲዞር ትንሹ ዘንግ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ነው። ለጠጕር የተሠራው የአውሮፓ መዘውር ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 15 ጊዜ ያዞራል፤ ለጥጥ የተሠራው የህንድ መዘውር ግን 50 ጊዜና ከዚያም በላይ ያዞራል። ይህን ሳይለዩ ውድ መሣሪያ ከውጭ አገር ማስመጣት ከንቱ ወጪ ነው፤ የጠጕሩ መዘውር አጭሩን ጥጥ ገና ሳይጠመዘዝ ከእጅ ይነጥቀዋልና። ደግሞም ተሽከርካሪው ወዲያና ወዲህ አለመወላገዱን፣ የተሰበረውን የሰፈር አናጢ ሊጠግነው መቻሉን፣ ገመዱ በቀላሉ መተካቱን ትመርምር። ከሁሉም በላይ የራሷን ባዘቶ ይዛ ሄዳ ሳትሞክር አትክፈል።

ሸማኔውንም አስቀድሞ ማማከር መልካም ነው። ዛሬ በብዙ ስፍራ ሸማኔ ድሩን ከፋብሪካ ክር ዘርግቶ ማጉን በእጅ ፈትል ይሠራል። ድር ጽኑ መሆን አለበት፤ ማግ ግን ለስለስ ቢልም ይቻላል። ስለዚህ የጀማሪዋ ክር ጥቂት ቢወፍርና ቢሳሳ የሚጣል አይደለም፤ በጋቢ ውስጥ ቦታ ያገኛል።

አሁን የቀረን ትልቁ ነገር ነው። ለደስታዋ የምትፈትለው እኅት ለእንጀራዋ የምትፈትለውን እናት እንዳትረሳ አደራ እንላለን። በገበያ ዳር ልቃቂቷን ዘርግታ የምትቀመጠው አሮጊት የስንት ሌሊት ድካሟን ይዛ ነው የመጣችው። በልቃቂቷ ላይ ያለ ልክ መከራከር ከእንቅልፏ ላይ መቀነስ ነው፤ በትርፍ ጊዜ የተፈተለውንም ክር ገበያ አውጥቶ ከእርሷ በታች ዋጋ መሸጥ ከዚያ የባሰ ነው። ይልቁንም «እናቴ፣ ያስተምሩኝ» ብሎ ከአጠገቧ መቀመጥና ለትምህርቱ እንደ ሙያ ዋጋ መክፈል ይገባል። የክሩ መሳብና የጣቱ መላላት በመጽሐፍ አይወረስም፤ እጅ ከእጅ ካልተቀበለው ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

እንግዲህ የእኛ ምክር ይህ ነው። በመጀመሪያ ቀጥ ያለ እንዝርትና ጥሩ ባዘቶ ይገዛ፤ ከምታውቅ እናት ዘንድ እስከ ዓመት ድረስ ይለመድ፤ በሰንበትና በበዓል እንዝርቱ ይረፍ። ከዓመት በኋላ እጅ ሳይሰለች ባዘቶው ከእንዝርቱ ቀድሞ የሚከማች ከሆነ፣ ያን ጊዜ ስለ መዘውር መነጋገር ተገቢ ይሆናል። ሴት ልጅ ያላትም እናት ሁለተኛ እንዝርት አብራ ትግዛ።