የማስረጃ ካርታና የዋግ ዓይን ማዝ

በሰቆጣ ዙሪያ ገጠር፣ በጋ ሲበረታ፣ ከሩቅ ምንጭ በጀሪካን የመጣ ውኃ መጀመሪያ ይጠጣል፣ ቀጥሎ ወጥና ሊጥ ይሠራበታል፤ የልጅ ፊት የሚታጠበው ከተረፈ ነው። ባልታጠበ ፊት ላይ ዓይናር ይደርቃል፤ ዓይናር ካለ ዝንብ አይጠፋም። የዓይን ማዝ፣ ማለትም ትራኮማ፣ በዝንብ፣ በእጅና በጨርቅ ከሕፃን ወደ ሕፃን ይሻገራል። ዓመታት ሲመላለስ በዓይን ቆብ ላይ ጠባሳ ይፈጥራል፣ ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ ይቀለብሳል፣ በመጨረሻም ያሳውራል። ብዙ ሴቶች የተቀለበሰውን ፀጉር በወረንጦ እየነቀሉ ይኖራሉ።

ታዲያ ውኃ ቢገባ የዓይን ማዝ ይቀንሳል? መልሱ የታወቀ ይመስላል። የዓለም ጤና ድርጅት ስልትም ከቀዶ ጥገናና ከመድኃኒት ጋር የፊት ንጽሕናንና የአካባቢ መሻሻልን ይጨምራል። በጀት የሚመድብ ሰው ግን እያንዳንዱ እርምጃ ምን ያህል ተፈትኖ እንደሆነ ማወቅ አለበት። የማስረጃ ካርታ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ካርታ ይባል እንጂ ሠንጠረዥ ነው። በጎን እርምጃዎች ይደረደራሉ፦ ፊት መታጠብ፣ ውኃ፣ መጸዳጃ ቤት፣ ዝንብ ማጥፋት፣ መድኃኒት። ከላይ ውጤቶች ይጻፋሉ፦ በበሽታው ጀርም መያዝ፣ የበሽታው ምልክት፣ የዝንብ ብዛት። ሁለቱ በሚገናኙበት ሳጥን ውስጥ የተገኙት ጥናቶች ይገባሉ፤ ጥራታቸው በቀለም ይለያል። አዘጋጆቹ ምን ዓይነት ጥናት እንደሚቀበሉ ፍለጋ ሳይጀምሩ ይወስናሉ፤ ይህ የሚስማማቸውን ብቻ እንዳይለቅሙ ይጠብቃቸዋል። ባዶ ሳጥን ማንም አልፈተነውም ማለት ነው፤ ተፈትኖ ውጤት ያልታየበት ሳጥን ደግሞ ሌላ ነገር ነው። እኔ የካርታውን ትልቁን ጥቅም የማየው እነዚህን ሁለቱን በመለየቱ ነው።

ለትራኮማ እንሙላው። ፊት መታጠብ ላይ በ1995 እ.ኤ.አ. የታተመው የታንዛኒያ ኮንግዋ ሙከራ ይገባል፤ መድኃኒት ላይ ብርቱ የፊት መታጠብ ቅስቀሳ ሲጨመር ከባዱ ትራኮማ ቀንሷል። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመው የጋምቢያ ሙከራ ዝንብ ማጥፋትና መጸዳጃ ቤት ላይ ይሰፍራል፤ የዝንብ ማጥፊያ መርጨቱ ትራኮማን ሲቀንስ የመጸዳጃ ቤቱ ውጤት ግን አስተማማኝ አልነበረም። የውኃው ሳጥን ለረጅም ጊዜ የሞላው በአብዛኛው ለምንጭ ቅርብና ሩቅ ቤቶችን በሚያነጻጽሩ ጥናቶች ነበር። ለውኃ ቅርብ የሆነ ቤት በሌላም ነገር የተሻለ ሊሆን ስለሚችል፣ ይህ ደካማ ማስረጃ ነው።

ጠንካራው ማስረጃ የመጣው ሰቆጣ ከምትገኝበት ከዋግ ኽምራ ነው። ከ2008 እስከ 2011 ዓ.ም. 40 የገጠር ማኅበረሰቦች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ሃያዎቹ የውኃ ተቋም፣ ሳሙና፣ ቤት ለቤት የንጽሕና ትምህርትና የትምህርት ቤት ክፍለ ጊዜ አገኙ፤ የሌሎቹ ተራ ጥናቱ ሲያልቅ ነበር። መርማሪዎች የሕፃናቱን የላይኛ ቆብ ገልብጠው በጥጥ እየጠረጉ ናሙናውን ለላቦራቶሪ ላኩ። ለሰባት ዓመታት በየዓመቱ ሲታደል የቆየው መድኃኒት፣ አዚትሮማይሲን፣ በዚህ ጊዜ አልተሰጠም። እስከ አምስት ዓመት ካሉት ሕፃናት በጀርሙ የተያዙት በሁለቱም ወገን ሲጀመር 11 በመቶ ነበሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ ውኃ ባገኙት 32፣ ባላገኙት 31 በመቶ ሆኑ።

ይህን ሰምቶ «ውኃ አይጠቅምም» የሚል አይጠፋም። ስህተት ነው፤ ቁጥሩ የሚመልሰው አንዷን ሳጥን ብቻ ነው። የውኃው መስመር ወደ ጎን ሲነበብ ተቅማጥም፣ የሴቶች ጉልበትና ጊዜም፣ የሕፃናት እድገትም አለበት። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. በሰቆጣ ስም በሰየመው ቃል ኪዳን ያቀደው ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር በ2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት ነው፤ ሥራውም ጤናን፣ ግብርናንና ውኃን ያጣምራል። በሕፃናት እድገት ሳጥን ውስጥ የባንግላዴሽ፣ የኬንያና የዚምባብዌ ትልልቅ ሙከራዎች አሉ፤ ንጽሕና ብቻውን ቁመት አልጨመረም፣ ተጨማሪ ምግብ ግን በመጠኑ ጨምሯል።

የወረዳ ባለሙያ ይህን ሁሉ በአማርኛና በኽምጥኛ በአንድ ወረቀት ላይ ቢያገኘው፣ «ቦኖ ተተክሏል» ተብሎ የመድኃኒት እደላ እንዳይቋረጥ የሚከራከርበት ማስረጃ ይኖረዋል። የዋጉ ሙከራ በእነዚያ ሦስት ዓመታት ያልመለሳቸው ጥያቄዎችም አሉ፦ ውኃውና መድኃኒቱ አብረው ቢሰጡስ? ውኃው ከሦስት ዓመት በላይ ቢቆይስ? የሚቀጥለው የምርምር ገንዘብ መዋል ያለበት በእነዚህ ላይ ነው።