መብረቅን ቱቦ ውስጥ ብናስገባውስ?

ገደብ ላይ በበልግ ሰማዩ ሲጠቁር ምን እንደሚከተል ታውቃላችሁ፤ መጀመሪያ ብልጭታ፣ ከዚያ ነጎድጓድ። በመካከላቸው ያለውን ጊዜ ቁጠሩ። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ 3 ሰከንድ ከቆጠራችሁ መብረቁ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ርቋል ማለት ነው። (ስትቆጥሩ ታዲያ ቤት ገብታችሁ ይሁን! ለቡናው ጥላ የሆነው ረጅም ዛፍ ለመብረቅም ቅርብ ነው።)

ግን ብልጭታው ለምን ይጮኻል? መብረቁ ያለፈበት ቀጭን የአየር መስመር በጥቂት ማይክሮ ሰከንድ ውስጥ እስከ 30,000 ዲግሪ ሴልሺየስ ይግላል፤ ከፀሐይ ገጽ 5 እጥፍ ማለት ነው። አየሩ ቀስ ብሎ ለመስፋት ጊዜ የለውም። ስለዚህ ይፈነዳል፤ በዙሪያው ያለውን አየር ከድምፅ በፈጠነ ፍጥነት ይገፋል። ግፊትና ሙቀት በአንዴ የሚዘሉበት ይህ ስስ ግድግዳ ሾክ ዌቭ ይባላል። በየአቅጣጫው ስለሚበተን ግን ቶሎ ይደክማል፤ እናንተ ጋ ሲደርስ ተራ ድምፅ ሆኗል።

እንዳይበተን ቱቦ ውስጥ ብናስገባውስ? ሾክ ቲዩብ የሚባለው መሣሪያ ይኸው ነው። ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ በ1899 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የመጀመሪያውን ሠራ። ቱቦው በስስ ሽፋን ለሁለት ይከፈላል፤ በአንዱ ወገን የታመቀ ጋዝ አለ። ሽፋኑ ሲቀደድ ጋዙ ይወረወርና ፊቱ ያለውን አየር ይገፋል፤ ሾክ ዌቩም በቱቦው ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ጋዙን የፈለጋችሁትን ያህል ብታምቁት ከተወሰነ ፍጥነት በላይ መግፋት አይችልም፤ ወሰኑን የሚያበጀው በራሱ በገፊው ጋዝ ውስጥ ያለው የድምፅ ፍጥነት ነው። ይህን ከፍ ለማድረግ ጋዙ ቀላልና በጣም ትኩስ መሆን አለበት። በቃ፣ ሂሊየም ሙሉና በኤሌክትሪክ አጋየው!

ካሊፎርኒያ በሚገኘው የናሳ ኤምስ ማዕከል የሚደረገው እንዲህ ነው። ካፓሲተሮቹ እስከ 1.24 ሜጋ ጁል ያጠራቅማሉ። 3,500 ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ይህን ጉልበት ለመጨረስ 6 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ብዙ አይደለም እኮ! ልዩነቱ ካፓሲተሮቹ ከ1 ሰከንድ እጅግ ባነሰ ጊዜ ጋዙ ውስጥ መልቀቃቸው ነው። ለእኔ የነገሩ ሁሉ ምሥጢር እዚህ ላይ ነው።

ይህን ያህል ድካም ለምን? ከጨረቃ የሚመለስ መንኮራኩር በሰከንድ 11 ኪሎ ሜትር እየበረረ ከባቢ አየር ውስጥ ይገባል። ፊቱ ያለው አየርም እንደ መብረቁ አየር ለመሸሽ ጊዜ አያገኝም፤ ይታመቃል፣ ይግላል፣ ያበራል። ያ ብርሃን ራሱ የመንኮራኩሩን የሙቀት መከላከያ ያጋየዋል። መከላከያው ከሳሳ ተሳፋሪዎቹ አይተርፉም፤ ያለልክ ከወፈረ ደግሞ ክብደቱ አይቻልም። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ያንኑ የጋለ አየር ቱቦው ውስጥ ፈጥረው በመስኮት በኩል ብርሃኑን ይለካሉ። ሾክ ዌቩ ካለፈ በኋላ ለልኬት የሚበቃው ጊዜ ጥቂት ማይክሮ ሰከንድ ብቻ ነው፤ ካሜራው ያን ጊዜ ካመለጠው ቱቦውን አጽድቶ፣ ሽፋኑን ቀይሮ እንደገና መተኮስ ነው።