«ለብረት ምን ደረሰኝ አለው?»

ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ የአዲስ አበባ ሰላምና ጸጥታ ቢሮ መሣሪያ ያለው የከተማው ነዋሪ በሁለት ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግብ ጥሪ አቀረበ። እዚህ አቃቂ፣ ከእኛ አጥር ማዶ የሚኖሩ አንድ የፋብሪካ ጡረተኛ ጥሪውን ሰሙና ከአባታቸው የወረሱትን፣ በስማቸው ፈቃድ ያወጡበትን ጠመንጃ በጆንያ ጠቅልለው ወጡ። ሲመለሱ የያዙት ባዶውን ጆንያ ነበር።

«ጋሼ፣ ወረቀት ሰጡዎት?» አልኳቸው።

«ለብረት ምን ደረሰኝ አለው ልጄ? እኔን አለማስቀረታቸውም ተመስገን ነው።»

አዋጁ የካቲት 8 ቀን 2014 ዓ.ም. ተነሣ። ጠመንጃው የት እንደ ደረሰ ግን ጋሼ ዛሬም አያውቁም። የተረከባቸው ሰው ተቀይሯል፤ የተተካው ደግሞ «መዝገብ ላይ የለም» ብሎ መለሳቸው። ፈቃዱ ኪሳቸው ውስጥ ነው፣ መሣሪያው የለም። ከንብረቱ ይልቅ እንቅልፍ የነሳቸውን ነገር አንድ ማታ አጫወቱኝ። ነገ በዚያ ጠመንጃ ሰው ቢገደል፣ ቁጥሩ ተመዝግቦ የሚገኘው በእሳቸው ስም ነው።

ስለ መሣሪያ በሰፈራችን ከሚወራው ሁሉ የዚህን ያህል ሰው የጎዳ አላየሁም። «መሣሪያ ከሆነ ሕግ አይጠየቅም፤ ሲሉህ ዝም ብለህ ስጥ፤ ማዘዣ፣ ደረሰኝ ካልክ አንተኑ ይወስዱሃል» ይባላል። የሚያናድደኝ ደግሞ ይህን አጥብቀው የሚያወሩት ራሳቸውን የሰፈር ሕግ አዋቂ ያደረጉ ሰዎች መሆናቸው ነው። ያስፈራሩህና ዞር ብለው «እኔ ልጠይቅልህ» እያሉ ገንዘብ ይቀበላሉ።

አባባሉ ሥር የሌለው አይደለም። ሕገ መንግሥታችን መሣሪያ መያዝን ከመብቶች አልቆጠረውም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። ፈቃድ ደግሞ ፈቃድ ነው፤ የሰጠው አካል በሕግ በተቀመጠ ምክንያት ሊነሣው ይችላል። በዚያ ላይ «ትጥቅህን ፍታ» የሚለው ትእዛዝ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ሲመጣ ያየ ሽማግሌ፣ ደረሰኝ መጠየቅን እንደ ድፍረት ቢቆጥረው አልፈርድበትም።

ስህተቱ ያለው ከዚያ ቀጥሎ ነው። መንግሥት መሣሪያውን የመውሰድ ሥልጣን አለው ማለት እንዳሻው ይወስዳል ማለት አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ሰው ቤቱ፣ ሰውነቱና ንብረቱ ከመበርበር፣ በይዞታው ያለ ንብረትም ከመያዝ የመጠበቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። መሣሪያን ለይቶ አላስወጣም። ዝርዝሩ ያለው በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። (ሕጉ የታወጀውም ጥቅምት 23 ቀን ነበር፤ ጋሼ ጠመንጃቸውን እንዲያስመዘግቡ የተጠሩበት ዕለት ልክ 60ኛ ዓመቱ ነው።)

የዚህን ሕግ አንቀጽ 32 እና 33 ጎረቤቶቼ ሁሉ ቢያውቁልኝ እወዳለሁ። ቤት የሚፈተሸው በፍርድ ቤት የመበርበሪያ ማዘዣ ነው። ከማዘዣ ነፃ የሆኑት ሁለት ሁኔታዎች ብቻ ናቸው። አንደኛው፣ ፖሊስ እግር በእግር የሚያባርረው ተጠርጣሪ ቤት ሲገባ ወይም የወንጀሉን ዕቃ እዚያ ሲጥል ነው። ሁለተኛው፣ ከሦስት ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል አቤቱታ ቀርቦ፣ ማስረጃው ቤት ውስጥ መደበቁ ሲጠቆምና ማዘዣ እስኪወጣ ይሸሻል የሚያሰኝ በቂ ምክንያት ሲኖር ነው። ማዘዣው የሚፈለገውን ዕቃ ለይቶ መጻፍ አለበት፤ ሽጉጥ ተብሎ የመጣ ፖሊስ ቴሌቪዥን ይዞ መውጣት አይችልም። ፍርድ ቤቱ በግልጽ ካላዘዘ በቀር ፍተሻው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ ይካሄዳል። የተያዘው ዕቃ በዝርዝር ይመዘገባል፤ በተቻለ መጠንም ዕቃውን ገለልተኛ ሰው አይቶ ዝርዝሩ ላይ ይፈርማል።

ስለዚህ ያ ወረቀት ልመና አይደለም፤ መዝግቦ መያዝ የፖሊሱ ግዴታ ነው። የሚጠብቀውም ባለ መሣሪያውን ብቻ አይደለም። መሣሪያው ከመጋዘን ቢጠፋ ማን እጅ እንደ ነበር የሚያሳየው እሱ ነው፤ ሐቀኛውን ፖሊስም ከሐሜት ያድነዋል።

«አስቸኳይ ጊዜ ሲሆንስ?» የሚለኝ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። የ2014ቱም ሆነ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ሁኔታ ምክንያት የታወጀው አዋጅ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ መፈተሽን ፈቅደው ነበር። በእነዚያ ወራት «ማዘዣ አሳየኝ» የሚለው ክርክር አያዋጣም ነበር። ነገር ግን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 መብት የሚታገደው አደጋውን ለማስወገድ በሚያስፈልገው መጠን ብቻ ነው ይላል። አፈጻጸሙን የሚከታተል መርማሪ ቦርድም እንዲቋቋም ያዛል። ማዘዣ በመቅረቱ አደጋ ፈጥኖ ይገታል ብሎ መከራከር ይቻላል፤ የጠመንጃ ቁጥር ባለመጻፉ የሚገታ አደጋ ግን አይታየኝም። እኔ አንቀጹን የማነበው እንዲህ ነው፤ የሚከራከረኝ የሕግ ባለሙያ ይኖር ይሆናል።

ሌላው በሰፈሩ የተደባለቀው ነገር መያዝና መውረስ ነው። የሰው ሽጉጥ ፖሊስ እጅ ሲገባ ወዲያው «ተወረሰ» ይባላል፤ ባለቤቱም ተስፋ ቆርጦ ይቀመጣል። ፖሊስ ለምርመራ ይይዛል። በወንጀል ክስ የተያዘ ዕቃ ይወረስ ወይስ ይመለስ ብሎ የሚወስነው ግን ፍርድ ቤት ነው። ምርመራው ተዘግቶ ፈቃድ ያለው መሣሪያ ያልተመለሰለት ሰው የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 37 ይዞ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ሲሄድ የሚጠየቀው የመጀመሪያ ነገር ግን ያው ጋሼ ያልያዙት ወረቀት ነው።

የቀሩትን ባጭሩ ልለፋቸው። «የአባቴ ውጅግራ ስለሆነ ፈቃድ አያሻውም» ሐሰት ነው፤ ፈቃድ የሰው እንጂ የብረት አይደለም፣ ከሟቹ ጋር ያበቃል። «ፈቃድ ካለኝ ሰልፍም ስብሰባም ይዤ እሄዳለሁ» የሚለውም እንዲሁ፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 የሰጠው መብት መሣሪያ ሳይዙ በሰላም መሰብሰብን ነው። «መሣሪያ የተገኘበት ሰው ዋስትና የለውም» ይባላል። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 63 ዋስትና የሚከለክለው በሞት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል፣ ወይም ተጎጂው ሊሞት በሚችልበት ሁኔታ ነው። ለሌላው ፍርድ ቤት ይመዝናል፤ ተይዞ በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብም የማንም ሰው መብት ነው።

ከፊልም የመጣም አለ፦ «ያለ ማዘዣ የተያዘ መሣሪያ ማስረጃ ስለማይሆን ክሱ ይወድቃል።» ያ የአሜሪካ ደንብ ነው። የእኛ ሕገ መንግሥት በግልጽ ዋጋ ያሳጣው በማስገደድ የተገኘን ማስረጃ ነው፤ ያለ ማዘዣ በተያዘ ዕቃ ላይ እንዲህ ያለ ቃል አላሰፈረም። በዚህ ተማምኖ ሕገ ወጥ ሽጉጥ ትራሱ ሥር የሚያኖር ሰው ራሱን ያታልላል።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችንም «እዚህ መንግሥት መሣሪያህን አይነካም» ይሉናል። መሣሪያ መያዝ በሕገ መንግሥት በተጻፈበት በዚያ አገር እንኳ ከ20 በላይ ግዛቶች አደገኛ ነው ከተባለ ሰው እጅ በዳኛ ትእዛዝ መሣሪያ የሚያስወስድ ሕግ አላቸው፤ ባለቤቱም ቀርቦ የሚሰማበት ቀን ይቆረጥለታል። እ.አ.አ. በ2021 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሮድ አይላንዱን የኤድዋርድ ካኒግሊያን ጉዳይ አየ። ፖሊሶች ሰውዬው ራሱን ይጎዳል ብለው ሠግተው ሆስፒታል ከላኩት በኋላ ቤቱ ገብተው ሽጉጦቹን ወስደው ነበር። ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ፣ የደግነት ሐሳብ ብቻውን ያለ ማዘዣ የሰው ቤት አያስገባም አሉ። እዚያም ክርክሩ ከመሣሪያው ይልቅ አወሳሰዱ ላይ ነበር።

ሊፈትሽ ከመጣ ፖሊስ ጋር አትታገሉ፤ ሕጉ ተመጣጣኝ ኃይል እንዲጠቀም ይፈቅድለታል፣ ጠመንጃ ባለበት ቤት ግፊያ ሰው ያስገድላል። «ማዘዣውን ላንብበው፣ ጎረቤት ይጠራልኝ፣ ቁጥሩና የጥይቱ ብዛት ይጻፍልኝ» ማለት ግን መታገል አይደለም። ፈቃድ ያላችሁ ሁሉ የመሣሪያችሁን ዓይነትና ቁጥር ዛሬ ማታ ጻፉ፤ የፈቃዱንም ቅጂ አንሡና ከመሣሪያው ተለይቶ በሌላ ቦታ ይቀመጥ። የጋሼን እኔው ጽፌላቸዋለሁ፤ ሰኞ አብረን ፍርድ ቤት እንሄዳለን።